ይድረስ ለበሩ ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለምወድህና ለተቀየምኩህ ታናሽ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል ምን እንደሚያደርግ እኔም በራሴ አውቀዋለሁና ነው የምጠይቅህ። ያ ደረቅ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሲነጋ ይነሳብሃል? ምግብ ይበላልሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ይህን የመጨረሻውን ከልቤ ነው የምጠይቅህ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርድ ይገባሃል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እናታችን ጉልበቴን ከማለት በቀር ሌላ ሕመም የለባትም። ባለቤቴ ደህና ነው፤ ልጆቹም በአንድ ክረምት ተመዘው ልብሳቸው ሁሉ አጥሮባቸዋል። ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ እንደ ሰው ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። የጎደለብን ሌላ ነገር አለ፤ ብዕር ያነሳሁትም ለሱ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። በስልክማ ስንቴ ሞከርኩ! የልጅቷን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርክህ ይታመማል። ስለ እናታችን ጉልበት ስናወራ ጥርት ብሎ የሚሰማህ ሰው፣ ያቺ ልጅ ስልህ ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም ትለኛለህ። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ለምትመለሰው ለጎረቤታችን ለሹፌሩ እህት እሰጣታለሁ፤ እሷም ወሬ ስለማትጠላ ፖስታውን በሙጫ አሽገዋለሁ። ስትደርስ ትደውልልህና ካለችበት ሄደህ ትወስዳለህ። ቢሮህ ድረስ አታመጣውም፣ አይዞህ። በልጅነትህ አፍህ አላርፍ ብሎ ሬዲዮ ያልንህ ልጅ፣ አድገህ እንዲህ ትዘጋለህ ብሎ ማን ይጠረጥር ነበር?

የትራስ ሰፊዋን ልጅ ማለቴ ነው። አንተ በምትጠብቀው ሕንፃ ላይ ተቀጥራ የነበረችው፣ አሮጊት አሠሪዋን አንቀሽ ገደልሽ ተብላ የታሰረችው። ፍርዱ በሚመጣው ወር እንደሚሰጥ እናቷ ነግራናለች። ወይ ገመድ ነው ወይ ዕድሜ ልክ። እዚያ አገር ሕጉ ምን እንደሚል አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ።

እዚህ ግን ከተፈረደባት ቆይቷል። የምሠራበት ወፍጮ ቤት ችሎት ሆኗል። ሞተሩ ሲሠራ ጩኸቱ አፋቸውን ይይዝላቸዋል፤ መብራት ሲጠፋ ችሎቱ ይከፈታል። ድሮ መብራት ሲጠፋ ይራገሙ ነበር፤ አሁን ፊታቸው ይፈካል። በየጆንያቸው ላይ ተደላድለው ይቀመጡና፣ በቆሎው እስኪፈጭ በሰው ነፍስ ይጫወታሉ። ባለቤቴ ብቻ ጆሮው በሞተሩ ስለደነቆረ ድንጋዩን እየወቀረ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ከሁላችን ጤነኛው እሱ ነው።

ዳኛው ይግባኝ የምንለው ነው። ታስታውሰዋለህ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ የባለጉዳይ ስም ሲጠራ ኖሮ ጡረታ የወጣው ሰውዬ። በሩ ላይ ስለኖረ ሕግ በቁልፍ ቀዳዳው እየሾለከ የገባለት ይመስለዋል። ልጅቷ ከፖሊስ መኪና ስትወርድ የተቀረጸውን ቪዲዮ በስልኩ ይዞ ለመጣው ሁሉ ያሳያል። አንገቷን ደፍታለች፣ ተመልከቱ፣ ንጹሕ ሰው ቀና ብሎ ነው የሚሄደው ይላል። ይህ ሰው እኮ ሴት ልጅ ዓይን ዓይኑን ካየችው ዓይን አውጣ፣ አሳዳጊ የበደላት ብሎ መንደር የሚያምስ ነው! አንገት መድፋትን ያስተማርናት እኛው ነን። ትልቅ ሰው ሲናገር መሬት መሬት እዪ ብለን እየቆነጠጥን ነው ያሳደግናት። የእዚያ አገር ሰዎች ይህን ባያውቁ አይፈረድባቸውም። የእኛዎቹ ግን የገዛ ቁንጥጫቸውን ማስረጃ አድርገው ያቀርቡባታል።

ጠበቃዋ ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ነው፣ ጠበቃ ከተባለ። እሱ የያዘው ማስረጃ መልኳን ነው። ቀኑን ሙሉ በመስታወት የሰው ፊት ሳይ ነው የምውለው፣ እንዲህ ያለ ፊት አይገድልም ይላል። አፍንጫዋ ትንሽ ደፍጠጥ ቢል ኖሮ በራሱ ምላጭ በቀጣት ነበር። ያንን ቤት በዓይኑ ያየ የለም፣ አሮጊቷን ያወቀ የለም፤ ግን ክፍሎቹን እየቆጠሩ ገዳዩን ከመኝታ ቤት ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ መኝታ ቤት ያመላልሱታል። ከብት ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ብነግርህ ትስቃለህ። ፀጉር አስተካካዩ፣ የሟቿ ወንድ ልጅ ሠራተኛዋ ያን ቀን ጠዋት ከቤት አልወጣችም ብሎ መመስከሩን ከየት እንደሆነ እንጃ ሰምቶ መጣና፣ እንግዲያውስ ገድላለች አለ። ይግባኝ ከፀጉር አስተካካይ ጋር በአንድ ሐሳብ መገኘትን እንደ ውርደት ነው የሚያየው። ወዲያው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጅየው ለውርስ ሲል ዋሽቶ ቢሆንስ ብሎ ነጻ አወጣት። ቦታ ተለዋወጡና በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ምራቅ ቀጠሉ። ሁለቱም የትናንት ንግግራቸውን ረስተውታል፤ የሚያዳምጧቸውም ረስተውታል። ለእነዚህ ሰዎች ልጅቷ ገደለች አልገደለች ጉዳያቸው አይደለም። የሚያኝኩት ነገር አይጥፋ እንጂ።

ታዲያ ማክሰኞ ዕለት መብራት ጠፍቶ ችሎቱ ደርቶ ሳለ፣ ትራስ ሰፊዋ ራሷ ስንዴዋን ተሸክማ ገባች። ከዚያ ምን ያደረጉ ይመስልሃል? ተራ ለቀቁላት። በዚህ ወፍጮ ቤት ተራ የለቀቀ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እርጉዝ እንኳ ተሰልፋ ነው የምታስፈጨው። ይግባኝ ከጆንያው ተነስቶ እጁን እየዘረጋ፣ ግድ የለም እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ አላት። ቶሎ አስፈጭታ እንድትወጣላቸውና ልጇን ካቆሙበት እንዲቀጥሉ ነው እኮ! መብራት እንደሌለ፣ ቢያስቀድሟትም የሚፈጭላት እንደሌለ እንኳ ማንም አላስታወሰም። እሷ ግን ተራዬን እጠብቃለሁ፣ ተቀመጡ ብላ በሩ አጠገብ ጆንያዋ ላይ ቁጭ አለች። እዚያ እንደተቀመጠች አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ይግባኝ ሳሉን ዋጠው።

ዝምታው ከብዷት ይሁን ሆዷ ብሷት እንጃ፣ ማንም ሳይጠይቃት መናገር ጀመረች። ልጇ ከእስር ቤት ስልክ ሲፈቀድላት ሁልጊዜ የምትላት አንድ ነገር ነው አለች። ያን ጠዋት ጓሮ ወርጄ ምንጣፍ ስመታ ነበር፣ የሕንፃው ዘበኛ አይቶኛል፣ እሱ ግን ከበሩ አልተነሳሁም፣ ማንንም አላየሁም ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል ትላታለች። እናትየዋ ዘበኛው ምን ዓይነት ሰው ነው፣ የማን አገር ሰው ነው ብላ ስትጠይቃት ደግሞ፣ ስለሱ እቤት እንዳላወራ አደራ ብሎኛል እማ፣ አደራ አልበላም ትላታለች። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈርቶ ነው፣ ራሱ ይናገራል ትላለች አለችን። ይህን ሁሉ ስትናገር የጆንያዋን አፍ ማሰሪያ ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። የምን አደራ እንደሆነ ግን እኔ አልገባኝም አለች።

መብራት መጣ፣ ተራዋ ደረሰ፣ አስፈጭታ ሄደች። ሞተሩ ቆም ሲል ፀጉር አስተካካዩ፣ ዘበኛ ምን ያያል፣ ዘበኛ ይተኛል እንጂ አለና ሁሉም ሳቁ። እኔ ሚዛኑ አጠገብ ነበርኩ። ፊቴ በዱቄት ስለተሸፈነ ምን እንደመሰለ ማንም አላየውም።

እንግዲህ ሬዲዮ፣ አንተ ረሳሁ የምትለውን እኔ ላስታውስህ። ግድያው በተፈጸመ ቀን ከሰዓት በኋላ ደውለህልን ነበር። የወፍጮው ቀበቶ ተበጥሶ ስለነበር እኔም ቤት ነበርኩ፤ እናታችን እንደ ልማዷ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ነበር። አሮጊቷ ተኝታለች ተብሎ መሞቷ ገና አልታወቀም፤ ስለዚህ አፍህ እንደ ወትሮው ክፍት ነበር። ያቺ የትራስ ሰፊዋ ልጅ ዛሬ ጠዋት አቧራ አበላችኝ ብለህ ጀመርክ። ጓሮ ውስጥ የአንዱን ተከራይ መኪና አጥበህ፣ አድርቀህ፣ መስታወቱን ወልውለህ ስትጨርስ፣ መጥታ ከጎኑ ምንጣፍ ሰቅላ መደብደብ ጀመረች። ስትጮህባት፣ አንተ ዘበኛ ነህ ወይስ የመኪናው ሚስት አለችህ። አንተም ሳቅህ መጥቶ ሌላ ዱላ አንስተህ አብረሃት ስትመታ፣ የአገር ቤት ወሬ ስታወሩ ጠዋቱ አለቀ። ትልቁን ምንጣፍ አብራችሁ ጠቅልላችሁ አሸከምካት። እናታችን ከሳቋ ብዛት ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ስለ አደራውም ያኔ ነው የነገርከን። ዘበኛ መሆኔን እቤት እንዳትናገሪ አደራ ብላት፣ ግድ የለም የበሩ ሥራ አስኪያጅ ነው እላቸዋለሁ አለችኝ ብለህ የሳቅኸው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ወንድሜ።

በማግስቱ ስትደውል ድምፅህ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ሕንፃው ላይ ሰው ሞቷል፣ እኔ ግን ከበሩ አልተነቃነቅሁም አልከን። ማንም አልጠየቀህም እኮ።

እናታችን ያንን የመጀመሪያውን ስልክ ረስታዋለች። እኔ ሳልወለድ የተዳረች ጎረቤት ምን ለብሳ እንደነበር እስከ ጥለቱ የምታስታውስ ሴት፣ ያንን ስልክ ብቻ ነው የረሳችው። ስጠይቃት ልጄን ጣጣ ውስጥ አታስገቢብኝ ትለኛለች። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ፤ እናት ናት። ግማሹ ግን ይሉኝታ ነው። ልጄ ቢሮ ነው የሚሠራው ብላ ለመንደሩ አውጃለች። ከረባት አድርገህ ከሰው መኪና አጠገብ የተነሳኸውን ፎቶ አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጥግ ካለው ወንበር አስነስታ ፎቶው ፊት ለፊት ታስቀምጠዋለች። ዘበኛ መሆንህ ከታወቀ ያ ፎቶ መውረዱ ነው። እስቲ አስበው፣ አንድ ፎቶ ከግድግዳ እንዳይወርድ ብለን የሰው ልጅ ገመድ ላይ እንስቀል? በላብህ ያደርክበት ሥራ ምኑ ያሳፍራል? እኔ ዱቄት ለብሼ ስውል ማን ሞተ?

የምትፈራውንም አውቃለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም። ጓሮ ከነበርክ በሩ ባዶ ነበር። በሩ ባዶ ከነበረ የገደለው ሰው በዚያ ገብቶ ይሆናል። ይህን ከተናገርክ ሥራህ ይሄዳል፤ የመኖሪያ ፈቃድህ ከሥራህ ጋር የታሰረ ነውና እሱም ይከተለዋል። መጀመሪያ ለምን ዋሸህ ብለው ያንገላቱህ ይሆናል፣ ያስሩህም ይሆናል። ቀላል ነው አልልህም። ግን አንተ ብትባረር ሻንጣህን ይዘህ እዚህ ትመጣለህ። እሷ በምን ትመጣለች? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል የምንሰማው ተረት መስሎን ነበር።

እስካሁን የወፍጮ ቤቱን ሰዎች ስንቃቸው ቆየሁ። እነሱን መናቅ ደስ ይላል፣ አልዋሽህም። ትናንት ግን ሚዛኑን ስጠርግ፣ ይግባኝ የማያውቀውን ያወራል፣ የእኔ ወንድም የሚያውቀውን ዋጠ፣ የቱ ይብሳል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ይግባኝ እንኳ ፀጉር አስተካካዩን ለማብሸቅ ሲል አንድ ቀን ነጻ አውጥቷታል። አንተ ያንን ታህል አላደረግህላትም። ሐሜት ፈርተህ የሰጠሃትን አደራ እሷ እስር ቤት ሆና ትጠብቅልሃለች፤ አንተ ደረትህን ነፍተህ በሩ ላይ ቆመሃል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ነቀዝ አውቃለሁ፤ በየቀኑ እጄ ላይ ሲሄድ ነው የሚውለው። ያንተ ዝምታ ነቅዟል።

ታዲያ አንቺ ለምን አትናገሪም ትለኝ ይሆናል። እኔ ያየሁት የለም፣ የሰማሁት ነው። ወፍጮ ቤት ብናገረው ይግባኝ አዲስ ክርክር ይከፍትበታል እንጂ ከእስር የሚፈታ ሰው የለም። ያየኸው አንተ ነህ።

የጠበቃዋ ስልክ ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለልህ። ደውልለትና ምንጣፉን ንገረው፣ አቧራውን ንገረው። የመኪናው ሚስት ያለችህን ንገረው፤ ያንን ለብቻዋ ቢጠይቋት እሷም ትለዋለች፣ ከሁለታችሁ በቀር እዚያ ማንም አልነበረምና ተነጋግረው ነው ሊሉ አይችሉም። ፈርቼ ዋሸሁ በል። ፈሪ ማለት ምንም አይደለም፤ ስንቱ ፈሪ ቤቱን እየመራ ይኖራል። አደራ በላ ግን በእኛ ቤት አልነበረም። እወድሃለሁ፤ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግሁህ፣ ጥርስህ ሲበቅል የነከስከው ትከሻዬን ነው። እንድትጠፋብኝ አልፈልግም። እንዲህ ሆነህ ብትቀመጥልኝ ግን ምን ላደርግህ ነው?

እናታችን ሰላም ብላሃለች። ምን እንደጻፍኩ አልነገርኳትም፣ ግን ትናንት ማታ ቤት ብዕሩን ካነሳሁ ጀምሮ የልብሴን ቡናኝ ስታራግፍ፣ በር ስትከፍት ስትዘጋ፣ ዓይኗ ከወረቀቱ አልተነቀለም። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ነገሩን ጆሮው ላይ ጮኼ ስነግረው፣ ካየ ይናገራ፣ ምን ያዘው አለኝና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ትልቋ ልጄ አጎቴ ቢሮው ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች፤ መልሱን ላንተ ትቻለሁ። ትንሹ ጉንጭህን ስሞሃል፣ መኪና ላክልኝ ይላል። አክስታችን አሁንም በጸሎቷ አልረሳችህም፤ ምን ብላ እንደምትጸልይልህ ብታውቅ ጥሩ ነበር። ይግባኝም ሰላም ብሎሃል። የቢሮ ሰው ስለሆንክ በጉዳዩ ላይ ያለህን አስተያየት በጽሑፍ እንድትልክለት ይፈልጋል።

ትራስ ሰፊዋም ሰላም ብላሃለች። የጠበቃውን ስልክ ልቀበላት ትናንት ከሥራ ስወጣ ቤቷ ሄጄ ነበር። ለወንድሜ ነው ስላት ፊቷ በራ። እሱ ቢሮ የሚሠራ ሰው ነው፣ እዚያ ብዙ ሰው ያውቃል፣ ያንን ዘበኛ ፈልጎ እንዲያገኝልኝ እግሩ ላይ ወድቃለች በይልኝ አለችኝ። እሺ፣ እነግረዋለሁ አልኳት። ለድካምህ ብላ በእጇ የጠለፈችውን የትራስ ልብስ ሰጥታኝ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ተኛበት።

እህትህ

ከወፍጮ ቤቱ፣ መብራት እንደጠፋ
ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን